ስለ አረጋውያን የጡንቻ ጥንካሬና ስለ ቪታሚን ክኒን

ሽማግሌ አባታችን ከወንበር ሊነሡ ሲሉ ክንዳቸውን ይዘን እናነሣቸዋለን፤ እናታችን ውሃ ሊቀዱ ሲሉ እንስራውን ከእጃቸው እንቀበላቸዋለን። ይህ በአገራችን የተመሰገነ የአክብሮት ልማድ ነው። ነገር ግን ልማዱ ከልክ ሲያልፍ የወላጆቻችንን ኃይል ቀስ በቀስ የሚያሳጣ መሆኑን ብዙዎቻችን አናስተውልም። የዛሬው ትምህርት ምክንያቱን ያስረዳል።

ጡንቻ የሚቀንስበት ምክንያት

የሰው ጡንቻ ከ30 ዓመት ዕድሜ ገደማ ጀምሮ በየዐሥሩ ዓመት ከመቶ ከ3 እስከ 8 እጅ ያህል እየቀነሰ ይሄዳል፤ ከ60 ዓመት በኋላ መቀነሱ ይፈጥናል። አሜሪካዊው ሐኪም ኧርዊን ሮዘንበርግ በ1989 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) ለዚህ ሁኔታ «ሳርኮፔንያ» የሚል ስም ከግሪክ ቋንቋ አወጡለት፤ ትርጓሜውም የሥጋ ድህነት ማለት ነው። ሥራ ያጣ ጡንቻ ከዕድሜው ይልቅ ፈጥኖ ይመነምናል። እግሩ የደከመ አረጋዊ በቀላሉ ይወድቃል፤ ወድቆም የዳሌው አጥንት ቢሰበር ብዙ ጊዜ ወደ ቀድሞ አካሄዱ አይመለስም።

ክኒን ብቻውን ይበቃልን?

በውጭ አገር የሚኖሩ ልጆች ለወላጆቻቸው የቪታሚን ጠርሙስ ይልካሉ። ፍቅራቸው የሚመሰገን ቢሆንም፥ ጠርሙሱ ብቻውን ጡንቻ አይሠራም። ለዚህም በአሜሪካ በቦስተን ከተማ ተደርጎ በ1994 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) የታተመው ጥናት ምስክር ነው። ዕድሜያቸው ከ72 እስከ 98 ዓመት የሆነ 100 ደካማ አረጋውያን በአራት ክፍል ተመደቡ፤ አንዱ ክፍል ክብደት በመግፋት እግሩን አሠለጠነ፥ ሁለተኛው ቪታሚንና ማዕድን ያለበት ገንቢ መጠጥ ጠጣ፥ ሦስተኛው ሁለቱንም አደረገ፥ አራተኛው ሁለቱንም አላደረገም። ከ10 ሳምንት በኋላ የሠለጠኑት ጉልበት በአማካይ ከመቶ 113 እጅ ጨመረ፤ ያልሠለጠኑት ግን 3 እጅ ብቻ ነበር። ያለ ሥልጠና የተጠጣው መጠጥ ድካምን አላስወገደም። ድንጋይና እንጨት በግቢ ቢከመር ግንበኛ ካልመጣ ቤት አይቆምም፤ እንደዚሁም ምግብና ቪታሚን ዕቃው ናቸው፥ ግንበኛው ግን እንቅስቃሴ ነው።

ይህ ሲባል ቪታሚን አያስፈልግም ማለት አይደለም። ቪታሚን ዲ ያነሰው ሰው ጡንቻው ይደክማል። ይህን ቪታሚን ቆዳችን በፀሐይ ብርሃን ይሠራዋል፤ ስለዚህ ፀሐይ በሞላበት አገርም ቢሆን ቀኑን ሁሉ በቤት ውስጥ የሚውል አረጋዊ ሊያንሰው ይችላል። ቢ12 የሚባለው ደግሞ በሥጋ፥ በእንቁላልና በወተት ይገኛል፤ በእርጅና ጊዜ ሰውነት ከምግብ የሚቀበለው እየቀነሰ ስለሚሄድ፥ ጉድለቱ ነርቭን ጎድቶ አካሄድን ያናውጣል። ጉድለቱ በደም ምርመራ ከታወቀ ሐኪም መጠኑን ያዝዛል። ያለ ልክ መውሰድ ግን ጉዳት አለው። በአውስትራሊያ 70 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆናቸው ሴቶች በዓመት አንድ ጊዜ 500,000 ዩኒት ቪታሚን ዲ ቢሰጣቸው፥ ካልወሰዱት ይልቅ መውደቅና መሰበር እንደ በዛባቸው በ2010 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) ተገልጧል።

በቤት የሚደረግ

1ኛ/ የማይናወጥ ወንበር ከግድግዳ ጋር አስጠግቶ፥ ከ8 እስከ 10 ጊዜ ቀስ ብሎ መነሣትና መቀመጥ፤ ጥቂት ዐርፎ መድገም። ሲጀመር በእጅ መደገፍ ይቻላል።
2ኛ/ ጠረጴዛ ይዞ ቆሞ ተረከዝን ከፍና ዝቅ ማድረግ።
3ኛ/ ይህ ሲቀል በየእጁ አንድ ሊትር ውሃ የያዘ ጠርሙስ ጨብጦ መሥራት፤ ሸክም ካልጨመረ ጉልበት አይጨምርምና።
4ኛ/ ይህን በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ቀን፥ ቀን እያሳለፉ ማድረግ፤ በሌሎቹም ቀናት በእግር መሄድ።
5ኛ/ በየማዕዱ ገንቢ ምግብ መመገብ፤ ይኸውም በጾም ሽሮ፥ ምስር፥ ባቄላ፤ በፍስክ እንቁላልና ወተት ነው።

የልብ ወይም የኩላሊት በሽታ ያለበት ሰው አስቀድሞ ሐኪም ያማክር። በሥራው መካከል ደረት ቢወጋ፥ ራስ ቢዞር ወይም ትንፋሽ ቢያጥር ወዲያው ማቆም ይገባል።

መምህራን ይህን ትምህርት ለተማሪዎቻቸው ቢያስረዱ፥ ልጆቹ ለአያቶቻቸው ያደርሱታል። አያት ከወንበር ሲነሡ ልጅ ፈጥኖ አይጎትታቸው፤ እንዳይወድቁ አጠገባቸው ይቁም፥ በራሳቸው ጉልበት ይነሡ።