በየወሩ የሚመላለሰው ሕመምና የካንሰር ፍርሃት



ስለ ሴቶች ሕመም ለመጻፍ ስነሣ አንዳንዶቻችሁ ታፍሩብኝ ይሆናል። ነገር ግን እዚህ ሁሩሙ አብራን የምትኖረው አክስቴ በየወሩ ሦስት ቀን አልጋ ላይ ስትውል እያየሁ ስላደግሁ ዝም ማለት አልቻልሁም። በቤታችን ስሙ «ቁርጠት» ብቻ ነበር። «ስትወልጂ ይተውሻል» ይሏት ነበር፤ አልወለደችም፣ ሕመሙም አልተዋትም። ዓምና መቱ ሄዳ በአልትራሳውንድ ስትታይ ሕመሟ ኢንዶሜትሪዮሲስ እንደሚባል ተነገራት።

ነገሩ እንዲህ ነው። የማኅፀንን ውስጠኛ ግድግዳ የሚያለብሰው ስስ ሽፋን በየወሩ እየወፈረ የወር አበባ ሆኖ ይፈሳል። በዚህ ሕመም ግን ያንኑ ሽፋን የሚመስል ሥጋ ከማኅፀን ውጭ ይበቅላል። እርሱም በየወሩ ይደማል፤ ደሙ ግን መውጫ የለውም። የሴት እንቁላል በሚፈራበት በእንቁልጢ ላይ ሲበቅል ደሙ በከረጢት ተጠራቅሞ ይጠቁራል። ፈረንጆች ቀለሙን በቸኮላታ ይመስሉታል፤ ለኢሉባቦር ሰው ግን የቡና አተላ ቢባል ይቀላል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው፣ ለመውለድ በሚያበቃ ዕድሜ ካሉ 10 ሴቶች አንዷ ይህ ሕመም አለባት።

አክስቴ ከዚያ ወዲህ የምትጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፤ «ነቀርሳ ይሆንብኝ ይሆን?» ጥያቄዋ ከንቱ አይደለም። ሳምፕሰን የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም በአውሮፓ አቆጣጠር በ1925 ዓ.ም. ካንሰር ከዚሁ ሥጋ ሊነሣ እንደሚችል ጽፎ ነበር። በዚሁ አቆጣጠር በ2012 ዓ.ም. የወጣ፣ ከ20,000 በላይ ሴቶችን የመረመረ ጥናትም፣ ሕመሙ ባለባቸው ሴቶች ላይ «ክሊር ሴል» የሚባለው ብርቅ የእንቁልጢ ካንሰር 3 እጥፍ፣ «ኢንዶሜትሪዮይድ» የሚባለው ደግሞ 2 እጥፍ ያህል እንደሚበዛ አሳይቷል። በብዛት የሚታየው የእንቁልጢ ካንሰር ዓይነት ግን በዚያ ጥናት ከሕመሙ ጋር ዝምድና አልተገኘበትም። በከረጢቱ የቆየው ደም ብረት ስላለበት ሕዋሳትን እየጎዳ ለካንሰር መንገድ ይከፍታል ብለው ሊቃውንት ያስባሉ።

«3 እጥፍ» የሚለውን ሳነብ ደንግጬ መጽሐፉን ከደንሁት። የሒሳብ መምህራችን ግን «እጥፍ ሲሏችሁ የምን እጥፍ ብላችሁ ጠይቁ» ይሉናል። ጠየቅሁ። በአሜሪካ ከ1,000 ሴቶች በዕድሜያቸው ሙሉ የእንቁልጢ ካንሰር የሚይዛቸው 13 ያህሉ ናቸው፤ ኢንዶሜትሪዮሲስ ካለባቸው 1,000 ሴቶች ደግሞ 25 ያህሉ።

ይህን ለአክስቴ በቃል ብነግራት አላመነችኝም። ስለዚህ 1,000 ፍሬ ቡና ቆጥሬ (እኩለ ቀን ፈጀብኝ) 25ቱን ለይቼ በሰፌድ ላይ አስቀመጥሁላት። ትንሹን ክምር፣ ከዚያም ትልቁን ለረጅም ጊዜ አየች። «ታዲያ ቁርጠቱስ?» አለችኝ።

ለእርሱም መድኃኒት አለ፤ ማስታገሻ፣ ሆርሞን ያለበት እንክብል፣ ከባሰም ቀዶ ሕክምና። እንክብሉ ለወሊድ መከላከያ የሚሰጠው ዓይነት ሲሆን የእንቁልጢ ካንሰርንም እንደሚቀንስ ታውቋል። አክስቴ ግን «ያላገባች ሴት ይህን ስትውጥ ምን ይሏታል?» ብላ እስካሁን አልጀመረችም። ቀጠሮዋ በሚያዝያ ነው፤ አብሬያት እሄዳለሁ። ቡናው አልባከነም፣ በዚያው ማታ ተቆልቶ ተጠጣ።