«አውትዌይ» ሲሉሽ፦ ለጀማሪ አስተርጓሚ

ልጄ፣ እዚህ አሜሪካ በሆስፒታልና በፍርድ ቤት አስተርጓሚነት ልትጀምሪ ነውና ስለ አንድ የእንግሊዝኛ ግስ ልምከርሽ። «አውትዌይ» ይባላል፤ መብለጥ፣ ማመዘን ማለት ነው። የወገናችን ሰው መድኃኒቱን የሚወስደውም የሚተወውም ይህን ቃል ባስተላለፍሽለት መጠን ነው።

1. መጀመሪያ ማን ማንን እንደሚበልጥ ለዪ። ከግሱ በፊት የሚጠራው ከባዱ ነው፣ ቀጥሎ የሚመጣው ቀላሉ። «ዘ ቤኔፊትስ አውትዌይ ዘ ሪስክስ» ከተባለ ጥቅሙ በልጧል። «አውትዌይድ ባይ» ሲሆን ግን ይገለበጣል፤ ቀድሞ የተጠራው የተበለጠው ነው። ሐኪሙ ሲቸኩል ካልለየልሽ «ይድገሙልኝ» በይ፤ አያሳፍርም።

2. ይበልጣል ማለት ሌላው የለም ማለት አይደለም። ከሁሉ ይህን ያዢልኝ። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 7 ቀን 2021 የአውሮፓ መድኃኒቶች ኤጀንሲ፣ የአስትራዜኔካ የኮቪድ ክትባት እጅግ አልፎ አልፎ የደም መርጋት ሊያስከትል እንደሚችል ተናገረ፤ በዚያው መግለጫ ጥቅሙ እንደሚያመዝን አስታወቀ። አገር ቤትም ብዙ ሰው የተከተበው ክትባት ነው። አስተርጓሚ ይህን ለአንዲት እናት «ችግር የለውም» ብሎ ቢያሳጥርባት፣ እሺ የምትለው ያልተነገራትን ነገር ነው። በኋላ እግሯ ቢያብጥ፣ ራሷን ክፉኛ ቢያማት፣ ከክትባቱ ጋር ሳታያይዘው እቤቷ ትተኛለች። «ጥቅሙ ሊያስከትል ከሚችለው ጉዳት ያመዝናል» በያት፤ ጉዳቱም የትኛው እንደሆነ ሐኪሙ የዘረዘረውን አንድ ሳታስቀሪ ንገሪያት። እናቶቻችን ሐኪም ፊት መጠየቅ ይከብዳቸዋል፤ ያልነገርሻቸውን ከሌላ አያገኙትም።

3. ከግሱ ጎን የቆመችውን ቃል አትዋጫት። በአሜሪካ ፌዴራል የማስረጃ ደንብ ቁጥር 403 መሠረት ዳኛው አንድን ማስረጃ ማስቀረት የሚችለው፣ ለምሳሌ የጁሪውን ፍርድ ያላግባብ የማዛባት አደጋው ከማስረዳት ዋጋው «ሰብስታንሺያሊ» ማለትም በጉልህ ሲበልጥ ነው። በጥቂቱ መብለጥ አይበቃም። «በጉልህ» ከቀረች ተከሳሹ የሚሰማው ሌላ ደንብ ነው።

4. አንቺ አታመዛዝኚ። ሐኪሙ ያስረዳል፣ ታካሚዋ ትወስናለች። «ልጄ፣ አንቺ ብትሆኚ ትወስጂው ነበር?» የምትልሽ እናት አትጠፋም፤ ስለምታምንሽ ነው። አክብረሽ «እማማ፣ ጥያቄዎን ለዶክተሩ ላድርስልዎት» በያት፤ ከዚያም እንዳለችው አድርሺው።