ሮቦቷ ደረጃ አትወጣም

እህቴ፣ ይህን አማን ሆነሽ የምታነቢው ከሆነ ማዳም በቅርቡ የገዛቻት ክብ መጥረጊያ ሮቦት ሳሎኑን ስትዞር አይተሽ «እኔንስ ሊሸኙኝ ይሆን?» ብለሽ ይሆናል። አትደንግጪ። ጀበል አማን፣ ጀበል ሁሴን እያለች ሰፈሯን በተራራ ስም የምትጠራ ከተማ ደረጃዋ አያልቅም። ሮቦቷ ደግሞ ደረጃ አትወጣም፤ የምንጣፍ ዘርፍ እንኳ ጠልፎ ያስቀራታል።

የውሃው ነገር ደግሞ አለ። ዮርዳኖስ በዓለም ውሃ እጅግ ከሚያጥራቸው አገሮች አንዷ ናት። አማን ውስጥ በብዙ ሰፈር የቧንቧ ውሃ የሚመጣው በሳምንት አንዴ ነው፤ እስከሚቀጥለው ተራ ድረስ ቤቱ የሚኖረው ጣሪያ ላይ ባለው ሮቶ ነው። ገሳላው፣ የልብስ ማጠቢያው ማሽን፣ ቁልፉን ስትጫኚው ያጥባል። ሮቶው መጋመሱን ግን አያውቅም። ዛሬ አንሶላው ሁሉ ከታጠበ ልጆቹ ማታ ገላቸውን የሚታጠቡበት እንደማይተርፍም አያውቅም። አንቺ ታውቂያለሽ። እንዲህ ያለውን ስሌት በየቀኑ በጭንቅላትሽ እየሠራሽ «እኔ ምን ሙያ አለኝ?» ማለትሽን ተዪው!

እርግጥ ነው፣ ወገብ የሚያጎብጠውን ሥራ ማሽን እየወሰደው ነው። ይውሰደው! ለሰው የሚቀረው ሰውን መንከባከብ ነው። የቤቱን አያት መድኃኒት በሰዓቱ መስጠት፣ ግፊታቸውን ለክቶ ቁጥሩን ለልጃቸው በዋትሳፕ መላክ፣ ሲከፋቸው ከፊታቸው ማወቅ። ይህ ግን አንድ ነገር ይጠይቃል፤ ንባብ። ዐረብኛውን እንደ ውሃ ትጠጪዋለሽ፤ የመድኃኒቱ ካርቶን ላይ ያለውንስ ታነቢዋለሽ? ብዙዎቻችን እዚህ ላይ ነው የምንቆመው። የዐረብኛ ፊደል 28 ነው። መልኩ በቃሉ መጀመሪያ፣ መሀልና መጨረሻ ይለዋወጣል፣ አልዋሽሽም። ግን ከሀ እስከ ፐ 231 ፊደል በዜማ ለወጣ ሰው 28 ምን አላት?

«ጊዜ የታለ?» ትይኝ ይሆናል። የዮርዳኖስ የሠራተኛ ሕግ የቤት ሠራተኞችን ያካተተው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው፤ በማግስቱ ዓመት የወጣው ደንብ ደግሞ በሳምንት አንድ የዕረፍት ቀን ይሰጣል። በብዙ ቤት ይህ ቀን ከወረቀት እንዳልወረደ ስለማውቅ «ዓርብሽን ተጠቀሚበት» ብዬ አልቀልድብሽም። ዕረፍትሽ መብትሽ ነው፤ ቢቻል ተኚበት። ለፊደሉ ገሳላው የሚዞርበት ጊዜ ይበቃል።

እንዲያውም ከራሱ ከገሳላው ጀምሪ። ቁልፎቹ በዐረብኛ የተጻፉ ከሆነ ከጥጡ ፕሮግራም አካባቢ የሱፉን ፈልጊ። ሦስት ፊደል ነው፤ ሷድ፣ ዋው፣ ፋ። ቀስ ብለሽ ግጠሚያቸው። «ሱፍ» ይላል፤ አባትሽ ለሠርግ የሚለብሱት ያው ሱፍ።