መንገዱ ቦረቦር እንዳይሆን፦ የእግር መንገድ አቀያየስ፣ አሠራርና አያያዝ

ለሞዴል አርሶ አደሮች የተዘጋጀ የሥልጠና ጽሑፍ

የትምህርቱ ዓላማ፦ ሠልጣኞች ይህን ትምህርት ሲያጠናቅቁ (1) የእግር መንገድ በጎርፍ የሚበላሸው ለምን እንደሆነ ያስረዳሉ፤ (2) በውሃ ልክ ተጠቅመው ትክክለኛውን መስመር ይቀይሳሉ፤ (3) መንገዱን በቀበሌያቸው ጉልበትና መሣሪያ ሠርተው በውስጠ ደንብ ያስተዳድራሉ።

መግቢያ

በአካባቢያችን ሰው የሚሄድበት መንገድ አብዛኛው በእግር የተከፈተ ነው። ወደ ወንዝ የሚወርደው፣ ወደ ማሳ የሚወስደው፣ የዕጣን ዛፍ የሚያደሙ ሠራተኞች በየዕለቱ የሚዞሩበት፣ ከብት ወደ ግጦሽ የሚነዳበት ሁሉ የእግር መንገድ ነው። ከዚህ በተጨማሪ ጎብኚ በእግሩ እየተዘዋወረ አገር የሚያይባቸው መንገዶች አሉ። በክልላችን የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክን የሚጎበኝ ሰው ከሳንቃበር ወደ ግጭ፣ ከግጭ ወደ ጨነቅ የሚሄደው በእግሩ ነው። የስካውት፣ የአስጎብኚ፣ የበቅሎ ነጂና የማብሰል ሥራ የተፈጠረውም በዚያ መንገድ ምክንያት ነው። በመቄት ደግሞ ማኅበረሰቡ ራሱ የሚያስተዳድራቸው የእግር ተጓዦች ማረፊያዎች ተሠርተዋል።

እኛም የሚታይ ነገር አላጣንም። በቋራ ወረዳ በ1998 ዓ.ም. የተቋቋመው የአልጣሽ ብሔራዊ ፓርክ ከ2,600 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት አለው፤ በድንበር ማዶ ከሱዳኑ የዲንደር ፓርክ ጋር ይዋሰናል፤ በ2008 ዓ.ም. አንበሳ እንደሚገኝበት በካሜራ ተረጋግጧል። መተማ አፄ ዮሐንስ አራተኛ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ተዋግተው የወደቁበት ቦታ ነው። ቋራ የአፄ ቴዎድሮስ አገር ነው። የዕጣን ዛፉና የሽመል ደኑም አለ።

ይሁን እንጂ ነገ ጎብኚ ይመጣል ብላችሁ መንገድ እንድትሠሩ አልመክርም። ጎብኚ የሚመጣው ጸጥታው ሲጸና፣ ማደሪያና ውሃ ሲኖር ነው። የመንገዱ የመጀመሪያ ተጠቃሚ እናንተና ልጆቻችሁ ናችሁ። ለእኛ የሚበጅ፣ ክረምት የማያፈርሰው መንገድ ከሠራን፣ ጎብኚ ሲመጣም ያው መንገድ ይበቃዋል። በደንብ ያልተሠራ መንገድ ግን ማንም ባይመጣበትም ማሳ ይበላል። የዚህ ትምህርት ዋና ሐሳብ ይህ ነው።

1. መንገድ ለምን ቦረቦር ይሆናል?

ከዓመታት በፊት የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ሳለሁ የፈጸምኩትን ስህተት ልንገራችሁ። በአንድ ቀበሌ ከመንደር ወደ ውሃ መቅጃ የሚወርድ መንገድ እንዲሠራ ተወሰነ። እኔም ገመድ ወጥሬ ከላይ እስከ ታች ቀጥ ያለ መስመር አሰመርኩ። አጭር ስለሆነ ሁሉም ወደደው፤ በሁለት ቀን ተቆፍሮ አለቀ። በመጀመሪያው ክረምት ጎርፉ መሐሉን ሰነጠቀው። በሁለተኛው ክረምት ጉልበት ድረስ ጠለቀ። በሦስተኛው ዓመት አህያ ጭኖ መውረድ ስላልተቻለ ሰዉ ከጎኑ ሌላ መንገድ አወጣ፤ እሱም ቦረቦር ሆነ። ታች ያለው የሰሊጥ ማሳ ከላይ በመጣ ደለልና ድንጋይ ተሸፈነ። የማሳው ባለቤት አዛውንት ነበሩ። ጠርተው አሳዩኝና፣ “ልጄ፣ መንገድ ሥራልን አልንህ እንጂ ወንዝ ቅደድልን አላልንህም” አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ያን ጊዜ በእርከን ሥራ የማውቀውን በመንገድ ላይ አልተጠቀምኩበትም ነበር።

ምክንያቱን እንመልከት። እግርና ኮቴ ሣሩን ያጠፋል፣ አፈሩን ይደቁሳል። የተደቆሰ አፈር ውሃ አያሰርግም፤ የዘነበው ሁሉ በላዩ ይሮጣል። መንገዱ ተዳፋቱን ተከትሎ ቀጥ ብሎ ከወረደ ውሃው መውጫ ስለሌለው እስከ ታች መንገዱን ይዞ ይሄዳል፤ በሄደ ቁጥርም ጉልበት ያገኛል። መንገዱ ተዳፋቱን በጎን እያቋረጠ ከሄደ ግን ውሃው ከላይ መጥቶ መንገዱን ተሻግሮ ወደ ታች ይበተናል። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላል። የመንገድ ሥራ ከሥሩ የውሃ ሥራ ነው።

2. ማቀድ

ዶማ ከማንሳታችን በፊት የሚከተሉትን እንወስን።

• ለማን ነው? ሰው ብቻ ከሆነ 1 ሜትር ስፋት ይበቃል። ጭነት አህያና ከብት የሚተላለፉበት ከሆነ ከ1.5 እስከ 2 ሜትር ያስፈልጋል።

• የት የት ይደርሳል? የግድ የሚነካቸውን ቦታዎች ለዩ፦ ውሃ ነጥብ፣ ጥሩ የወንዝ መሻገሪያ፣ ጥላ፣ ከፍ ብሎ አገር የሚታይበት ተረተር።

• የት የት አይደርስም? ቦረቦር አናት፣ ረግረግ፣ የሰው ማሳ፣ የእርከን አካል፣ የመቃብርና የገዳም ክልል ያለ ባለቤቱ ፈቃድ አይነካም። ወደ ብሔራዊ ፓርክ ክልል ያለ ፓርኩ ጽሕፈት ቤት ፈቃድ መንገድ አይከፈትም። ወደ ድንበር በሚጠጋ ቦታ አስቀድሞ ከቀበሌው አስተዳደርና ጸጥታ ጋር መመካከር ግዴታ ነው።

• የዕጣን ዛፍ ባለበት ደን መንገዱ ከግንዱ ይራቅ፤ ሥሩን በዶማ አትቁረጡ። ችግኝ የበቀለበትን ቦታ ዙሩት። የዕጣን ደናችን ትልቁ ችግር ችግኙ በከብትና በእሳት አለማደጉ ነው። አዲስ መንገድ ለከብት አዲስ በር እንዳይከፍት ተጠንቀቁ።

• ማረፊያ የት ይሁን? ካላዛርን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ በተሰነጣጠቀ ዋልካና በግራር ሥር ትኖራለች፤ የምትነክሰውም ከምሽት እስከ ንጋት ነው። ስለዚህ ማረፊያውን ድንጋያማና ነፋስ በሚያገኘው ቦታ አድርጉ፤ ሰው እንዳያድርበትም ምከሩ።

መስመር ለማጥናት የተሻለው ጊዜ ዝናብ የሚዘንብበት ነው። በሐምሌ ዝናብ ላይ ወጥታችሁ ውሃው ከየት መጥቶ የት እንደሚሄድ እዩ፤ በችካል ምልክት አድርጉ። በበጋ አሥር ጊዜ ተመላልሳችሁ የማታዩትን በአንድ ዝናብ ታያላችሁ።

3. ቅየሳ

ለእርከን የምትጠቀሙበት የውሃ ልክ፣ የ10 ሜትር ገመድና ሁለት ምልክት የተደረገባቸው ዘንጎች ለዚህም ይበቃሉ። ልዩነቱ አንድ ነው፦ እርከን ስንቀይስ ደልዳላውን እንፈልጋለን፤ መንገድ ስንቀይስ መጠነኛ ቁልቁለት እንፈልጋለን።

አንደኛ፣ የተራራውን ተዳፋት ለኩ። አንዱ ሰው ላይ፣ ሌላው በቀጥታ ከሥሩ ታች ይቁም። የውሃ ልኩ ደልዳላ ሲያሳይ ገመዱ በሁለቱ ዘንጎች ላይ ያረፈበትን ከፍታ አበላልጡ። በ10 ሜትር ገመድ ልዩነቱ 160 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ተዳፋቱ 16 በመቶ ነው። ቁልቁለቱ ከበረታ ገመዱን ወደ 5 ሜትር አሳጥራችሁ ውጤቱን በሁለት አባዙ።

ሁለተኛ፣ የግማሽ ደንብን ተከተሉ። የመንገዱ ቁልቁለት ከተራራው ተዳፋት ከግማሽ መብለጥ የለበትም። ተራራው 16 በመቶ ከሆነ መንገዱ ከ8 በመቶ አይበልጥም፤ ማለትም በ10 ሜትር ከ80 ሳንቲ ሜትር በላይ አይወርድም። ከግማሽ ካለፈ ውሃው መንገዱን መሻገር ትቶ መንገዱን ይከተላል።

ሦስተኛ፣ ተራራው ምንም ያህል ቢቆም የመንገዱ አማካይ ቁልቁለት ከ10 በመቶ አይለፍ። ይህ ለአፈሩም፣ ውሃ ተሸክማ ለምትወጣ እናትም ይበጃል። መንገዱ ይረዝማል፤ ነገር ግን ዘንድሮ የረዘመ መንገድ የዛሬ አሥር ዓመትም መንገድ ነው።

በየ10 ሜትሩ ችካል ተክላችሁ ስትጨርሱ መስመሩን ከሁለቱም አቅጣጫ በእግራችሁ ሂዱበት። ሰው አቋርጦ የሚሄድበት ቦታ ካለ ያኔ ይታወቃል፤ እዚያ ላይ ድንጋይ ወይም ቁጥቋጦ በማስገባት አቋራጩን ዝጉ።

4. ሥራው

ሀ) ጠረጋ፦ ሣሩንና ቁጥቋጦውን ከመንገዱ በሁለቱም ጎን ግማሽ ግማሽ ሜትር፣ ወደ ላይ ደግሞ 2.5 ሜትር ያህል ጥረጉ። ቅርንጫፍ ከግንዱ አጠገብ ይቆረጥ፤ ዐይን የሚወጋ ጉቶ አይተው። ትልቅ ዛፍ አይቆረጥም፤ መንገዱ ይዞራል።

ለ) ቁፋሮ፦ መንገዱ ሙሉ በሙሉ በተቆረጠው ጠንካራ አፈር ላይ ይረፍ። የቆፈራችሁትን ልል አፈር በታችኛው ጫፍ ከምራችሁ መንገድ አታስፉበት፤ በመጀመሪያው ክረምት ይናዳል። አፈሩን ራቅ አድርጋችሁ በትኑት። የላይኛውን ግድግዳ ቀጥ አድርጋችሁ አትተዉ፤ ጋደል ይበል።

ሐ) ወደ ውጭ ማጋደል፦ የመንገዱ ወለል ወደ ታችኛው ጎን ትንሽ ያጋድል። በ1 ሜትር ስፋት 5 ሳንቲ ሜትር ይበቃል። በታችኛው ጫፍ ጠርዝ ከተሠራ ውሃው ስለሚታሰር ጠርዝ እንዳይኖር አድርጉ።

መ) ውሃ ማስወጫ፦ በየ15 እና 20 ሜትሩ ቁልቁል የሚወርደው መንገድ ለ3 ወይም 4 ሜትር ያህል መልሶ ትንሽ ከፍ ይበል። ዝቅ ባለው ነጥብ ላይ ውሃው በታችኛው ጎን ይወጣል። መውጫው በድንጋይ ይነጠፍ፤ ወደ ሰው ማሳም አይቅና።

ሠ) ዋልካ መሬት፦ በሜዳ ላይ ውሃው የሚወጣበት ተዳፋት ስለሌለ የግማሽ ደንብ አይሠራም። እዚህ መንገዱን ከፍ ማድረግ ነው። ግራና ቀኝ ቦይ ቆፍሩ፤ መሐሉን በትልልቅ ድንጋይ ነጥፉ፤ በላዩ ገረጋንቲ ወይም የወንዝ ጠጠር ጨምራችሁ ከሜዳው ቢያንስ 20 ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርጉት። ድንጋይ ከሌለ ዋልካውን ትታችሁ በጠርዙ ባለው ቀይ ወይም ድንጋያማ መሬት ዙሩ።

ረ) የወንዝ መሻገሪያ፦ ወንዙ ቀጥ ባለበት፣ ወለሉ ድንጋይ በሆነበት ቦታ፣ በቀጥታ አቋርጡ። በጠመዝማዛው ላይ አትሻገሩ፤ ውሃው ዳሩን የሚበላው እዚያ ነው። በሁለቱም ወገን መንገዱ ወደ ወንዙ ወርዶ መልሶ የሚወጣ ይሁን፤ አለዚያ ወንዙ ሲሞላ መንገዱን ይዞ ይወጣል። ላይ ዘንቦ ወንዙ በድንገት እንደሚሞላ የሚያስጠነቅቅ ምልክት ይተከል።

5. አያያዝ

ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው፣ አንድ ሰው በዶማ በግማሽ ቀን የሚያስተካክለው ጉዳት ሁለት ክረምት ካለፈው በጋቢዮንም አይመለስም። የሥራ ቀን መቁጠሪያችን እንዲህ ይሁን።

ግንቦት መጨረሻና ሰኔ፦ የውሃ ማስወጫዎችን ደለል ጥረጉ።

ሐምሌና ነሐሴ፦ ከከባድ ዝናብ በኋላ መንገዱን ዙሩ። ዋልካ ላይ ያለው ክፍል ለጭነትና ለከብት ይዘጋ፤ እርጥብ ዋልካ ላይ ያለፈ ኮቴ በበጋ አይጠገንም።

መስከረምና ጥቅምት፦ የሰሊጥ አጨዳ ስለሆነ ጉልበት አይገኝም። የተበላሸውን በመዝገብ መያዝ ብቻ ይበቃል።

ኅዳርና ታኅሣሥ፦ የደረቀውን ሣር በመንገዱ ግራና ቀኝ እጨዱ። መንገዱ ብቻውን ሰደድ እሳት አያቆምም፤ ጎንና ጎኑ ሰፋ ተደርጎ ከታጨደ ግን እሳት ለማጥፋት የሚወጣው ሰው የሚቆምበት መስመር ይሆናል።

ጥርና የካቲት፦ ከተፋሰስ ልማት ሥራው ጋር አዲስ ግንባታና ትልልቅ ጥገና ይሠራ።

ውስጠ ደንቡ ቢያንስ አራት ነገር ይወስን፦ እያንዳንዱን ክፍል ማን እንደሚጠብቅ፣ ከብት በየትኛው እንደሚነዳ፣ አቋራጭ ያወጣ ወይም ዛፍ የቆረጠ ሰው ምን እንደሚቀጣ፣ ገቢ ከተገኘ እንዴት እንደሚከፋፈል። የመጨረሻው ገቢው ሳይመጣ ይጻፍ፤ ገንዘብ ከመጣ በኋላ የሚጻፍ ደንብ ያጣላል።

ጎብኚ ሲኖር ደግሞ ሙቀታችንን አስቡ። በመጋቢትና በሚያዝያ እንግዳ ሰው በቀትር አይመራም። ጉዞው ከንጋቱ 12 ሰዓት ተጀምሮ ከረፋዱ 4 ሰዓት በፊት ጥላ ሥር ይጠናቀቅ። ውሃ ሳይያዝ አይወጣም።

6. የመስክ ልምምድ

በአምስት በአምስት ሆናችሁ በቀበሌያችሁ በጣም የተጎዳ አንድ የእግር መንገድ ምረጡ። የተራራውን ተዳፋትና የመንገዱን ቁልቁለት በውሃ ልክ ለክታችሁ በግማሽ ደንቡ አወዳድሩ። ከዚያ 50 ሜትር አዲስ መስመር በችካል ቀይሱ። አሮጌው መንገድ እንዲሁ አይተው፦ በየመሐሉ የድንጋይ ክትር ይሠራበት፣ ሣር ይዘራበት፣ አናቱ በእሾህ ይዘጋ።

የመወያያ ጥያቄዎች

• በቀበሌያችን ካሉት ቦረቦሮች ስንቶቹ መንገድ ነበሩ?
• አዲሱ መስመር የማንን ማሳ ይነካል? ባለቤቱን ማን ያነጋግር?
• መንገዱ በመርዘሙ የሚያጉረመርመውን ሰው እንዴት እናስረዳዋለን?

በሦስተኛው ጥያቄ ላይ የእኔን መልስ ልንገራችሁ። ወደዚያ አሮጌ ቦረቦር ወስዳችሁ አሳዩት። እኔ የተማርኩት እዚያ ቆሜ ነው።