የትንፋሽ ሒሳብ በላንቻ ከፍታ

ከመስቀል አደባባይ ተነሥቶ በደብረ ዘይት መንገድ ወደ ደቡብ የሚወርድ ሰው መሿለኪያን፣ ሪቼንና ጠመንጃ ያዥን አልፎ ላንቻ ይደርሳል። ስፍራው ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ አለው። እዚያ ሚኒባስ ለመያዝ ሮጦ የተሳፈረ ተማሪ ትንፋሹ ሲቆራረጥ፣ አጠገቡ የተቀመጡት ሰው «አይዞህ ልጄ፣ በረጅሙ ተንፍስ» ይሉታል። ይኸው ምክር በፈተና ክፍል በርና በሐኪም ዘንድም ይሰማል። ለመሆኑ ምክሩ ትክክል ነውን? ትክክል ከሆነስ በምን ምክንያት? መልሱ ባብዛኛው የአንደኛ ዓመት ፊዚክስ ነው።

የአየሩ ግፊት

በፈተና ወረቀቶች ላይ «ከፍታ ሲጨምር በአየር ውስጥ ያለው የኦክሲጅን መቶኛ ይቀንሳል» የሚል መልስ በየዓመቱ እናነባለን። ይህ ስሕተት ነው። በአፋር ቆላም ሆነ በራስ ዳሸን ጫፍ ከደረቅ አየር 21 በመቶ ያህሉ ኦክሲጅን ነው። የሚቀንሰው የአየሩ ግፊት ነው። በባሕር ጠለል የከባቢ አየር ግፊት 760 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ሲሆን፣ በላንቻ ከፍታ ወደ 580 ይወርዳል። የምንስበው አየር በመተንፈሻ ቧንቧ ውስጥ ስለሚርስ የውሃ ትነት 47 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ይወስዳል። የቀረውን በ0.21 ስናባዛ የኦክሲጅኑ ከፊል ግፊት በባሕር ዳርቻ 150፣ በላንቻ ደግሞ 112 ገደማ ይሆናል። ልዩነቱ ሩብ ያህል ነው።

ከጋምቤላ ለትምህርት ወደ አዲስ አበባ የመጣ ተማሪ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ደረጃ ሲወጣ የሚያለከልከው በዚሁ ምክንያት ነው። ሰውነቱ የትንፋሹን መጠን ከፍ በማድረግ ቀስ በቀስ ይለማመዳል። ለትውልዶች በደጋ የኖሩ ሰዎች ጉዳይ ግን ከዚህ የተለየ ነው። ሲንቲያ ቢል የተባሉ አሜሪካዊት የሥነ ሰብእ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው በሰሜን ተራሮች አምባራስ በተባለ ቦታ፣ በ3,530 ሜትር ከፍታ የሚኖሩ ገበሬዎችን መርምረው በ2002 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጽሑፍ፣ የሰዎቹ የሄሞግሎቢን ክምችትም ሆነ የደማቸው የኦክሲጅን ሙሌት ከባሕር ጠለል ነዋሪዎች ብዙም እንደማይለይ አስታውቀዋል። ውጤቱ ከአንዲስም ከቲቤትም የተለየ በመሆኑ ብዙዎችን አስደንቋል።

ስድስት ሊትር ሁልጊዜ ስድስት ሊትር አይደለም

አንድ ጎልማሳ በዕረፍት ላይ ሳለ በአንድ ትንፋሽ 500 ሚሊ ሊትር ያህል አየር ያስገባል። ከዚህ ውስጥ 150 ሚሊ ሊትር ገደማው በአፍንጫ፣ በጉሮሮና በመተንፈሻ ቧንቧዎች ውስጥ ቀርቶ፣ የጋዝ ልውውጥ ሳያደርግ ይመለሳል። ይህን ሥራ ፈት ክፍል «ሙት ክፍተት» እንበለው።

አሁን ሁለት ሰዎችን እናነጻጽር። የመጀመሪያው በደቂቃ 12 ጊዜ፣ በየትንፋሹ 500 ሚሊ ሊትር ይስባል፤ ድምሩ 6 ሊትር ነው። ሁለተኛው በደቂቃ 24 ጊዜ፣ በየትንፋሹ 250 ሚሊ ሊትር ይስባል፤ እርሱም 6 ሊትር ነው። ሙት ክፍተቱ ሲቀነስ ግን፣ ለመጀመሪያው በደቂቃ 4.2 ሊትር አየር የጋዝ ልውውጥ ወደሚካሄድባቸው ጥቃቅን የአየር ከረጢቶች ሲደርስ፣ ለሁለተኛው የሚደርሰው 2.4 ሊትር ብቻ ነው። ያንኑ ያህል አየር አንቀሳቅሶ ያገኘው ጥቅም ወደ ግማሽ ተጠግቷል። እንግዲህ የ«በረጅሙ ተንፍስ» ምክር የመጀመሪያው ማስረጃ ይህ ነው።

ረጅሙን ትንፋሽ በዋነኛነት የሚሠራው ከሳንባ ሥር የተዘረጋው ጡንቻ፣ ማለትም ዲያፍራም ነው። ዲያፍራም ወደ ታች ሲወርድ የሆድ ዕቃን ስለሚገፋ ሆድ ወደ ፊት መውጣት አለበት። እኛ በስፖርት ክፍለ ጊዜ «ደረት ንፋ፣ ሆድ ሳብ» እየተባልን ያደግን ትውልድ ነን፤ ትእዛዙ ለሰልፍ ያምር ይሆናል እንጂ ለትንፋሽ አይበጅም። ጠረጴዛ ላይ ተደፍቶ ለሰዓታት ማጥናትም ዲያፍራምን ያፍናል።

ረጅም ሲባል ግን ኃይለኛና ፈጣን ማለት አይደለም። ጤናማ ሰው በዕረፍት ላይ ሳለ፣ በአዲስ አበባ ከፍታም ቢሆን፣ ከሳንባው የሚወጣው ደም ከሚችለው ኦክሲጅን 90 በመቶ በላይ ተሸክሟል። በኃይል ደጋግሞ መተንፈስ የሚጨምርለት ጥቂት ነው፤ በአንጻሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድን ከደም አጥቦ ያወጣል። ይህ ጋዝ ሲያንስ የአንጎል ደም ሥሮች ይጠባሉ፤ ራስ ይዞራል፣ ጣቶች ይነዝራሉ። ከፈተና በፊት በድንጋጤ ቶሎ ቶሎ የሚተነፍስ ተማሪ አእምሮው የሚደበዝዝበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። በዝግታ ማስገባት፣ ከዚያም በበለጠ ዝግታ ማስወጣት ይሻለዋል።

የዥዋዥዌው ሕግ

ዥዋዥዌን በትክክለኛው ጊዜ በትንሹ የገፋ ልጅ ከፍ ያደርገዋል፤ ያለጊዜው የገፋ ይደክማል። በፊዚክስ ይህ ሬዞናንስ ይባላል። የደም ግፊት መቆጣጠሪያችንም የራሱ ዥዋዥዌ አለው። በአንገትና በልብ አጠገብ ባሉ ትላልቅ የደም ሥሮች ግድግዳ ላይ የሚገኙ ተቀባዮች ግፊቱን ይለካሉ፤ ልብና የደም ሥሮች እርማት ይሰጣሉ። እርማቱ በጥቂት ሰከንዶች ስለሚዘገይ ሥርዓቱ በ10 ሰከንድ አንድ ጊዜ ያህል ይወዛወዛል። በደቂቃ ስድስት ጊዜ የሚተነፍስ ሰው ታዲያ በትክክለኛው ጊዜ ይገፋዋል ማለት ነው።

ሉቺያኖ በርናርዲ የተባሉ ጣሊያናዊ ሐኪምና ባልደረቦቻቸው በ2001 እ.ኤ.አ. በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል ባወጡት ጥናት፣ በላቲን የሚደገም የመቁጠሪያ ጸሎትም ሆነ የዮጋ ማንትራ ትንፋሽን በደቂቃ ወደ ስድስት እንደሚያወርድና የዚህን መቆጣጠሪያ ንቃት እንደሚጨምር በ23 ሰዎች ላይ አሳይተዋል። ከአንባቢዎቻችን አንዱ የቅኔ ማሕሌት ዜማን በሰዓት ቢለካልን ደስ ይለናል። ዝግ ያለ ትንፋሽ ግፊት ባለባቸው ሰዎች ላይ መጠነኛ ቅነሳ እንደሚያሳይ የሚያመለክቱ ጥናቶች አሉ፤ ነገር ግን መድኃኒት የሚወስድ ሰው በዚህ ተማምኖ መድኃኒቱን ማቋረጥ የለበትም።

የትኛውን አየር?

እስካሁን የተናገርነው ስለ አተነፋፈስ ነው። ሳንባ ግን የሚቀርብለትን አየር አይመርጥም። አፍንጫ አየሩን ያሞቃል፣ ያረጥባል፣ ትላልቅ ብናኞችንም ይይዛል፤ ስለዚህ ከአፍ ይመረጣል። ከናፍጣ ጭስ የሚወጡት፣ ስፋታቸው ከ2.5 ማይክሮሜትር የሚያንሱ ብናኞች ግን አልፈውት ወደ ሳንባ ጥልቀት ይደርሳሉ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ለእነዚህ ብናኞች ያስቀመጠው ዓመታዊ ወሰን በሜትር ኩብ 5 ማይክሮግራም ነው፤ በአዲስ አበባ የተደረጉ ልኬቶች ከዚህ በብዙ እጥፍ የበለጡ ናቸው።

ወደ ሰውነት የሚገባው መጠን የክምችቱ፣ በደቂቃ የሚተነፈሰው አየርና የቆይታው ብዜት ነው። በዕረፍት 6 ሊትር የሚስብ ሰው ሲሮጥ 60 ሊትርና ከዚያ በላይ ይስባል። በመሆኑም በላንቻ ዋና መንገድ ጠርዝ ግማሽ ሰዓት የሮጠ ወጣት በዚያው ቦታ አምስት ሰዓት ከቆመ ሰው ጋር እኩል ብናኝ ይቀበላል። በበጋ ንጋት ቀዝቃዛው አየር ከሞቃቱ በታች ስለሚተኛ ጭሱ ወደ ላይ አይበተንም፤ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ጀምሮ መኪናው ሲበዛ ደግሞ ይብሳል። የሚሮጥ ሰው ከአስፋልቱ ራቅ ብሎ በውስጥ ለውስጥ መንገድ ቢሮጥ ይመረጣል።

ከዚህ ሁሉ የከፋው አየር ግን ቤት ውስጥ ሊገኝ ይችላል። በክረምት ምሽት በርና መስኮት ዘግቶ ከሰል አቀጣጥሎ የሚያጠና ወይም የሚተኛ ተማሪ ጥቂት አይደለም። «ጭሱ አልቆ ፍም ሆኗል፣ አይጎዳም» የሚባለው ሐሰት ነው። የቀላው ፍም ሽታና ቀለም የሌለውን ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል። ይህ ጋዝ ሄሞግሎቢንን ከኦክሲጅን ከ200 እጥፍ በላይ አጥብቆ ስለሚይዝ፣ በረጅሙ መተንፈስ እዚህ ላይ መርዙን ማስገባት እንጂ መፍትሔ አይሆንም። በኦክሲጅን ግፊታችን ሩብ ያጣን ደገኞች ደግሞ የምናባክነው ትርፍ የለንም። በክፍሉ ውስጥ ያሉ ሰዎች አብረው ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና ድካም ከተሰማቸው በሩን ከፍተው ወዲያውኑ ይውጡ፤ የተዝለፈለፈም ካለ አውጥተው ሐኪም ቤት ያድርሱት። በደሙ ውስጥ ያለው ጋዝ በተራ አየር በግማሽ እስኪቀንስ ከአራት እስከ አምስት ሰዓት ይወስዳል፤ በሐኪም ቤት ንጹሕ ኦክሲጅን ሲሰጠው ግን አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይበቃዋል።