ሃይፖታላመስ፣ አዮዲንና የደጋው እንቅርት

ሃይፖታላመስ የሚባለው የአንጎል ክፍል ከታላመስ በታች፣ ከፒቱታሪ ዕጢ በላይ ይገኛል። የአዋቂ ሰው አንጎል ወደ 1,300 ግራም ገደማ ሲመዝን የሃይፖታላመስ ድርሻ 4 ግራም ያህል ብቻ ነው። ከፊቱ ከሁለቱ ዓይኖች የሚመጡት ነርቮች ይሻገራሉ። ከሥሩ ደግሞ በቀጭን ዘንግ የተንጠለጠለች፣ የአተር ፍሬ የምታህል ፒቱታሪ አለች፤ የተቀመጠችውም የፈረስ ኮርቻ በሚመስል አጥንት ላይ ነው።

ሥራው ከመጠኑ ጋር አይመጣጠንም። ረሃብንና ጥማትን፣ እንቅልፍንና ንቃትን፣ የሰውነት ሙቀትንም ይቆጣጠራል። ደባርቅ ላይ በኅዳር ሌሊት ሰው ሲንቀጠቀጥ ጡንቻዎቹን ሙቀት አውጡ ብሎ የሚያዝዘው እሱ ነው። በጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስንቆይ ምግብ ምግብ የሚያሰኘንም ይኸው ነው። እኔ ግን አንዱን ሥራውን ብቻ መርጫለሁ፤ ምክንያቱም መዘዙን በየገበያው በሰው አንገት ላይ እናየዋለን።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሃይፖታላመስ ሕዋሳት ከሦስት አሚኖ አሲዶች ብቻ የተሠራ ትንሽ ሆርሞን ያመነጫሉ። ይህ ሆርሞን በአጫጭር የደም ሥሮች ወርዶ ፒቱታሪን ይቀሰቅሳል። ፒቱታሪ ደግሞ የራሷን ሆርሞን አንገት ላይ ወዳለው የታይሮይድ ዕጢ ትልካለች። ታይሮይድ በበኩሉ ሰውነት ኃይል የሚጠቀምበትን ፍጥነት የሚወስን ሆርሞን ይሠራል። ይህ የመጨረሻው ሆርሞን በደም ውስጥ ሲበቃ ከላይ ያሉት ሁለቱ ትእዛዛቸውን ይቀንሳሉ፣ ሲያንስ ይጨምራሉ። ያችን የሃይፖታላመስ ሆርሞን ለማግኘት ሮዤ ጊየማን በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ የበግ ሃይፖታላመሶች፣ አንድሩ ሻሊ ደግሞ የአሳማ ሲፈጩ ኖረው ምንነቷን በ1969 እ.ኤ.አ. አወቁ፤ በ1977 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ተጋርተዋል። በግ አርቢ ለሆነው ለደጋው ሰው ይህን ቢነግሩት ምን እንደሚል እንጃ!

ወደ ቁም ነገሩ ስንመለስ፣ የታይሮይድ ዋናው ሆርሞን በእያንዳንዱ ሞለኪውል 4 የአዮዲን አቶሞች አሉት። አዮዲን ከሌለ ትእዛዝ ቢበዛም ሥራ የለም። ራስ ዳሸን ከ4,500 ሜትር በላይ በሚቆምበት በሰሜን ተራሮች አካባቢ አፈሩ ለዘመናት በዝናብና በጎርፍ ታጥቧል። አፈሩ ከታጠበ ገብሱም ባቄላውም ድንቹም አዮዲን ያጣል። ከላይ ትእዛዙ እየበረታ ሲመጣ ዕጢው የተገኘችውን ጥቂት አዮዲን አሟጦ ለመያዝ ሲል ያብጣል። እንቅርት የምንለው ይህንኑ ነው።

"በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ" የሚለው ተረታችን በሽታው ስንት ዘመን አብሮን እንደኖረ ያሳያል። ደባት ያለችው አክስቴ የእሷን በነጠላ ትሸፍንና "ከውሃው ነው" ትላለች። ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተችም፤ ከታጠበ አፈር የሚፈልቅ ውሃም አዮዲኑ ትንሽ ነው።

የሚያስፈራው ግን የማይታየው ጉዳት ነው። ጽንስ በመጀመሪያዎቹ ወራት የራሱን የታይሮይድ ሆርሞን ስለማይሠራ በእናቱ ነው የሚኖረው። እናት አዮዲን በብርቱ ካጣች የልጁ አንጎል በሚገባ ሳያድግ ይቀራል፤ መስማትና መናገር የማይችል ልጅም ሊወለድ ይችላል። ሰፈርተኛው ይህን እርግማን ነው ሊል ይችላል፤ እናትም በማታውቀው ነገር አንገቷን ደፍታ ትኖራለች። የሚያሳዝነው የጎደለው መጠን ማነሱ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለነፍሰ ጡር የሚመክረው በቀን 250 ማይክሮግራም፣ ለሌላ አዋቂ 150 ማይክሮግራም ብቻ ነው።

በአገራችን ለምግብ የሚውል ጨው አዮዲን እንዲገባበት የሚያስገድድ ደንብ በ2003 ዓ.ም. ወጥቷል። እኛ የጋዜጠኝነት ተማሪዎች ልብ ልንል የሚገባን እዚህ ላይ ይመስለኛል። "አዮዲን ያለው ጨው ተጠቀሙ" የሚለው መልእክት ለምን የሚለውን ካልነገረ ሰሚው የሚያስበው ስለ አንገት መልክ ነው። የጽንሱን አንጎል አንድ ጊዜ ብናነሳ ግን እናቶች ጆሮ ይሰጡናል ብዬ አምናለሁ። ከዚያ ቀጥሎ የአያያዙ ነገር አለ። ነጋዴው የጨው ጆንያውን ፀሐይ ላይ ከፍቶ ይውላል፤ ቤት ሲደርስ ደግሞ አፈር አለው ተብሎ ይታጠባል። አዮዲን በፀሐይና በእርጥበት ይጠፋል፣ በውሃም ይታጠባል። ጨውን ክዳን ባለው ደረቅ ዕቃ ማስቀመጥና ወጡ ሊወጣ ሲል መጨመር ይበጃል።