ቪኤ ለአእምሮ ምርመራ ሲጠራዎት

አንድ አንባቢ ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ጥያቄ ልከውልናል። በአሜሪካ ጦር ውስጥ የከባድ መኪና ሹፌር ሆነው አገልግለዋል፤ አፍጋኒስታንም ዘምተዋል። የነበሩበት ጦር ሰፈር በሞርታር ይደበደብ ነበር። ከተመለሱ ወዲህ እንቅልፍ አጥተዋል፤ በትንሽ በትልቁ እየተቆጡ ትዳራቸው ተናግቷል፤ ሥራ ላይም አይቆዩም። ለአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች (ቬተራኖች) ጉዳይ መሥሪያ ቤት፣ ለቪኤ፣ የጉዳት ካሳ ካመለከቱ በኋላ አእምሮ ሐኪም ዘንድ እንዲቀርቡ ደብዳቤ ደርሷቸዋል። «ሐኪሙን ምን ልበለው? የራሴን ሐኪም ከፍዬ መመርመር ይኖርብኛል ወይ? በልጅነቴ አገር ቤት ያየሁትን ጦርነትስ ብናገር ጉዳዬን ያበላሽብኛል ወይ?» ይላሉ።

በመጀመሪያ ካሳው በአገልግሎትዎ ያገኙት መብት መሆኑን ይያዙ። ዜግነት ቅድመ ሁኔታ አይደለም። ከኛ ሰዎች አንዳንዶቹ ወደ ጦሩ የገቡት አማርኛን ጨምሮ ተፈላጊ ቋንቋ የሚናገሩ የውጭ ዜጎችን ይመለምል በነበረው ማቭኒ በተባለው ፕሮግራም ነው። ፕሮግራሙ እ.ኤ.አ. በ2008 ተፈቅዶ በ2016 አዲስ ምልመላ አቁሟል። በዚያ በኩል የገባም ሆነ በሌላ፣ መብቱ አንድ ነው።

ሕጉ የሚጠይቀው ሦስት ነገር ነው፦ ዛሬ በሐኪም የተረጋገጠ ሕመም መኖሩ፣ በአገልግሎት ላይ ሳሉ የደረሰ ነገር መኖሩ፣ ሁለቱም መገናኘታቸው። ፒቲኤስዲ ለሚባለው፣ ከአስደንጋጭ ክስተት በኋላ ለሚመጣው የአእምሮ ሕመም ደግሞ ያ የደረሰው ነገር በእርግጥ መድረሱን የሚደግፍ ማስረጃ ይፈለጋል። ብዙ ሰው የሚደናገጠው እዚህ ላይ ነው፤ «ማን ይመሰክርልኛል? ወረቀት የለኝም» ይላል። ነገር ግን በ2010 የወጣ ደንብ ይህን ሸክም አቅልሎታል። ለሕመሙ ምክንያት የሆነው ፍርሃት የመጣው ከጠላት ጥቃት ወይም ከሽብር ሥጋት ከሆነ፣ የነገሩት ካገለገሉበት ቦታና ሁኔታ ጋር ከተስማማና የሚያስተባብል ግልጽ ማስረጃ ከሌለ፣ የራስዎ ቃል ይበቃል። የሞርታር ድብደባ በደንቡ ውስጥ በስም ከተጠቀሱት ምሳሌዎች አንዱ ነው። ተኩስ ውስጥ መግባት ግዴታ አይደለም፤ ሹፌሩም ወጥ ሠሪውም ይህ ደንብ ይመለከታቸዋል።

ደንቡ ግን አንድ ቁልፍ ሁኔታ አለው። በዚህ መንገድ የሚቀርብን የፒቲኤስዲ ጥያቄ ማረጋገጥ ያለበት የቪኤ ወይም ቪኤ ውል የገባለት ሳይካትሪስት ወይም ሳይኮሎጂስት ነው። ስለዚህ የግል ሐኪምዎ የቱንም ያህል ጥሩ ሪፖርት ቢጽፉልዎት፣ ደብዳቤው የጠራዎትን ምርመራ አይተካም። ይሂዱ። ሳይቀሩ ይሂዱ። ያለ በቂ ምክንያት ከቀሩ የመጀመሪያ ማመልከቻዎ በፋይሉ ውስጥ ባለው ብቻ ይወሰናል፤ ቀድሞ የተሰጠዎ የጉዳት መቶኛ እንዲጨመርልዎ የጠየቁ ከሆነ ደግሞ ጥያቄው ውድቅ ይደረጋል። ቀኑ ካልተመቸዎት አስቀድመው ደውለው ያስለውጡ፤ የደወሉበትን ቀንና ያነጋገሩትን ሰው ስም ይጻፉ።

አሁን ወደ ምርመራው ክፍል እንግባ። የሚያገኙት ሐኪም ሊያክምዎት አልተቀመጠም። ስለ እርስዎ ማስረጃ ይሰበስባል፤ ውሳኔውን የሚሰጠው ሌላ ሰው ነው። ያ ሰው ፊትዎን አያይም፤ የሚያየው በፋይሉ ያለውን፣ በተለይም ሐኪሙ የጻፈውን ነው። የኛን ሰው የሚጎዳውም እዚህ ያለው ጨዋነቱ ነው። ሐኪሙ ገና በሩ ላይ «እንዴት ነዎት?» ይላል፤ እኛም እንደ ልማዳችን «ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» እንላለን። ሪፖርቱ ላይ «ደህና ነኝ ብሏል» ተብሎ ሊሰፍር ይችላል። ሰላምታውን አይተዉ፤ ወዲያው ግን «ይህን የምለው በልማድ ነው፤ ደህና ስላልሆንኩ ነው የመጣሁት» ይበሉ። የቤት ገመናን ለባዕድ አለማውጣት ያደግንበት ነገር ነው። በዚህ ክፍል ውስጥ ግን ያልተነገረ ነገር እንዳልነበረ ይቆጠራል።

የጉዳቱ መጠን የሚለካው በ0፣ በ10፣ በ30፣ በ50፣ በ70 ወይም በ100 በመቶ ነው። የሚለካውም ሕመሙ በሥራዎና ከሰው ጋር ባለዎት ኑሮ ላይ ባደረሰው ጉዳት ነው። የበሽታው ስም ብቻውን መቶኛ አያሰጥም። ልዩነቱ ቀላል አይደለም፦ በ2025 ተመን የሚደገፍ ቤተሰብ ለሌለው ሰው 50 በመቶ በወር 1,102.04 ዶላር፣ 70 በመቶ 1,759.19 ዶላር፣ 100 በመቶ 3,831.30 ዶላር ነበር፤ ከግብርም ነፃ ነው። ስለዚህ «እንቅልፍ የለኝም» ብለው አይለፉ። ሌሊት ስንት ጊዜ እንደሚነሱ፣ በር መቆለፉን ስንቴ እንደሚያዩ፣ ሚስትዎ ለምን ሌላ ክፍል መተኛት እንደጀመሩ ይናገሩ። ከየትኛው ሥራ ለምን እንደወጡ፣ ሠርግና ለቅሶ መሄድ መቼ እንዳቆሙ፣ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ሰው ሲበዛ ለምን ጥለው እንደሚወጡ ይናገሩ። ክፉ ቀንዎን ይግለጹ፤ ምን ያህል ጊዜ እንደሚመጣም ይጨምሩ። ማጋነን ግን አያስፈልግም፤ ሪፖርቱ ከቀድሞ የሕክምና መዝገብዎ ጋር ስለሚመሳከር አንድ የተጋነነ ነገር እውነተኛውንም ያስጠረጥራል።

አንድ ነገር በተለይ መደበቅ የለበትም። «ምነው በሞትኩ» የሚል ሐሳብ በኛ ዘንድ ነውርም ኃጢአትም ተደርጎ ስለሚታይ ብዙዎች ለሚስታቸው እንኳ አይናገሩትም። በመለኪያው ሰንጠረዥ ውስጥ ይህ ሐሳብ የተጠቀሰው በ70 በመቶ ደረጃ ላይ ነው። የቬተራኖች ይግባኝ ፍርድ ቤት በ2017 ባንክሄድ በተባለው ጉዳይ እንደወሰነው፣ ሐሳቡ ግምት ውስጥ ለመግባት ሆስፒታል መተኛት ወይም ራስን ለመጉዳት መሞከር አይጠበቅም። ከካሳው ግን ሕይወትዎ ይበልጣል። ሐሳቡ ዛሬ ካለ ቀጠሮ አይጠብቁ፤ 988 ደውለው 1 ቁጥርን ይጫኑ። ሌት ተቀን ሰው አለ።

ስለ ግል ሐኪም የጠየቁት ሁለተኛ ጥያቄ መልሱ እንደ ሁኔታው ነው። የግል ሪፖርት ከቪኤው ምርመራ ጎን ሲቀመጥ ትልቅ ኃይል ሊኖረው ይችላል፤ በተለይ የቪኤው ሐኪም ቸኩሎ ከጻፈ ወይም ማመልከቻው አንዴ ውድቅ ከተደረገ። ሕጉ ሁለቱንም ወገን ማስረጃ የሚመዝነው በማብራሪያቸው ጥንካሬ ነው። ስለዚህ ሐኪሙ የአገልግሎትና የሕክምና መዝገብዎን አንብቦ፣ ምልክቶቹን ዲኤስኤም 5 ከተባለው የምርመራ መመሪያ ጋር አያይዞ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ለምን ያንን ድምዳሜ እንደያዘ ማስረዳት አለበት። ሕመሙ ከአገልግሎት የመጣ የመሆኑ ዕድል ቢያንስ ግማሽ በግማሽ ነው ብሎ በግልጽ ይጻፍ። «ሊሆን ይችላል» የሚል ደብዳቤ አይጠቅምም፤ ቪኤ እንደ ግምት ቆጥሮ ያልፈዋል። ማስረጃው ለእርስዎና በእርስዎ ላይ እኩል ሲሆን ሕጉ ጥርጣሬውን ለእርስዎ ስለሚተረጉም፣ ሐኪሙ እርግጠኛ እንዲሆን አይጠበቅም።

ቀድሞውንም የሚያክምዎት ሐኪም ካለ ከእሱ ይጀምሩ፤ ለዓመታት ያየዎት ሰው የሚጽፈው አንድ ገጽ አንድ ሰዓት በስልክ ካነጋገረዎት ባለሙያ ወፍራም ሪፖርት ሊበልጥ ይችላል። በሺህ የሚቆጠር ዶላር ተቀብለው ደብዳቤ የሚሸጡ ድርጅቶችን ግን እንዲጠነቀቋቸው እለምናለሁ። «100 በመቶ እናስገኝልሃለን» ካሉዎት ይውጡ። የመጀመሪያ ማመልከቻ ለማዘጋጀት ገንዘብ ማስከፈል ሕጉ አይፈቅድም፤ ጠበቃም ቢሆን ማስከፈል የሚችለው ከመጀመሪያው ውሳኔ በኋላ ነው፤ ከውዝፉ ካሳ እስከ 20 በመቶ የሚደርስ ክፍያ ተገቢ ተደርጎ ይገመታል። እንደ ዲኤቪ፣ ቪኤፍደብልዩና አሜሪካን ሌጅን ያሉ የቬተራኖች ማኅበራት ፈቃድ ባላቸው ተወካዮቻቸው በነፃ ያግዛሉ። ማንም ቢቀርብዎ ቪኤ ፈቃድ እንደሰጠው በቪኤ ዝርዝር ላይ ያረጋግጡ።

ሦስተኛው ጥያቄ ከሁሉ የከበደኝ ነው፤ በየቤቱ ያለውን ሐዘን ስለሚነካ። የኛ ቬተራን ወደ አሜሪካ የመጣው ባዶ እጁን አይደለም። በደርግ ዘመን ቤተሰቡን ያጣ አለ፤ እ.ኤ.አ. ከ1998 እስከ 2000 የተደረገው የኢትዮጵያና ኤርትራ ጦርነት የወሰደበት ወንድም ያለው አለ፤ በሱዳንና በሊቢያ በረሃ ያለፈ አለ። አንዳንዱ ይህን ለሐኪሙ ከተናገረ «በሽታህ ከአገርህ ይዘኸው የመጣኸው ነው» እንዳይሉት ፈርቶ ይደብቀዋል።

አይደብቁት። ሕጉ እዚህ ከሚያስቡት በላይ ይረዳዎታል። ወደ ጦሩ ሲገቡ በተደረገልዎ የሕክምና ምርመራ የአእምሮ ሕመም ካልተመዘገበ፣ ጤነኛ ሆነው እንደገቡ ይቆጠራል። ቪኤ ይህን ግምት ለማፍረስ ሁለት ነገር፣ ሁለቱንም በማያሻማ ግልጽ ማስረጃ፣ ማሳየት አለበት፦ ሕመሙ ከአገልግሎት በፊት እንደነበረና አገልግሎቱም እንዳላባባሰው። የፌዴራሉ ይግባኝ ፍርድ ቤት በ2004 ዋግነር በተባለው ጉዳይ ይህንኑ አጽንቷል። በልጅነት ጦርነት ማየት ደግሞ በራሱ በሽታ አይደለም። አይተው፣ አልቅሰው፣ አድገው፣ የጦሩን ሥልጠና ጨርሰው፣ ማዕረግ አግኝተው፣ ዘምተው ሠርተዋል። የአገልግሎት ምዘናዎ፣ ያገኙት ምስጋና፣ ከዘመቻው በፊት የነበረዎት የትዳር ኑሮ ሁሉ ያኔ ጤነኛ እንደነበሩ ይመሰክራል። ለሐኪሙ ታሪክዎን በዚህ ቅደም ተከተል ይንገሩ፦ ከዘመቻው በፊት ምን ዓይነት ሰው ነበርኩ፣ እዚያ ምን ደረሰ፣ ከዚያ በኋላ ምን ተለወጠ።

ከደበቁት ግን አንድ ቀን ከሌላ መዝገብ ይወጣል፤ ያኔ የሚጎዳው የቃልዎ ተአማኒነት ነው። እ.ኤ.አ. ከ2020 እስከ 2022 በሰሜን ኢትዮጵያ የተደረገው ጦርነት ከአገልግሎት በኋላ ሕመም ያባባሰባቸው ቬተራኖችም አሉ። እነሱ የሕመማቸው ምልክት ከዚያ በፊት እንደነበረ በቀን የሚያሳይ ነገር ይዘው ይቅረቡ። ሐኪሙ የሁለቱን ምንጮች ምልክት መለየት ካልቻለ፣ በ1998 በተሰጠ ሚትላይደር በተባለ ውሳኔ መሠረት ምልክቱ ለአገልግሎቱ ይቆጠራል።

የሚስት፣ የወንድም፣ የሥራ ባልደረባና አብሮ የዘመተ ጓደኛ ቃል ማስረጃ ነው። በቅጽ 21-10210 ይጻፍ። ያዩትንና የሰሙትን እንጂ የበሽታ ስም አይጻፉ። በአማርኛ ከተጻፈ ተርጓሚው በፊርማ ያረጋገጠው የእንግሊዝኛ ትርጉም ይያያዝ። እርስዎም እንግሊዝኛ ቢችሉ እንኳ ልብዎን የሚገልጹት በአማርኛ ከሆነ ከቀጠሮው በፊት አስተርጓሚ ይጠይቁ። ልጅዎን ወይም ሚስትዎን ለማስተርጎም አይውሰዱ፤ እነሱ ባሉበት የማይናገሩት ብዙ ነገር አለ።

ለሌሎች አንባቢዎች ሁለት ነገር ልጨምር። በአገልግሎት ላይ ወሲባዊ ጥቃት የደረሰባችሁ፣ ያኔ ባታመለክቱም መብታችሁ አልጠፋም፤ ድንገት የወረደ የሥራ ምዘና፣ የዝውውር ጥያቄ፣ የእርግዝና ምርመራ፣ ለእኅት የተጻፈ ደብዳቤ ሁሉ እንደ ማስረጃ ይታያል። መርማሪው ሴት ወይም ወንድ እንዲሆን መጠየቅም ትችላላችሁ። ገና ያላመለከታችሁ ደግሞ የማመልከት ፍላጎታችሁን በቅጽ 21-0966 ዛሬ አስመዝግቡ፤ በአንድ ዓመት ውስጥ ሙሉ ማመልከቻ ካስገባችሁ ካሳው ከዚያ ቀን ጀምሮ ሊታሰብ ይችላል።

ወደ ጠያቂያችን ልመለስ። ውሳኔው ሲመጣ የምርመራ ሪፖርቱን ቅጂ ከፋይልዎ ይጠይቁ፤ በቃል ካሉት ጋርም ያስተያዩት። የቀረ ወይም የተሳሳተ ነገር ካለ ከውሳኔው ቀን ጀምሮ አንድ ዓመት አለዎት፦ አዲስ ማስረጃ ካለዎት፣ የግል ሐኪም ሪፖርትን ጨምሮ፣ በቅጽ 20-0995፤ ያለው ማስረጃ በሌላ ከፍ ያለ ባለሙያ እንዲታይ ከፈለጉ በቅጽ 20-0996፤ ወደ ይግባኝ ቦርድ ለመሄድ በቅጽ 10182። በዓመቱ ውስጥ ካመለከቱ የመጀመሪያው ቀንዎ ይጠበቅልዎታል፤ ካለፈ ግን የዓመታት ውዝፍ ሊያመልጥዎ ስለሚችል ደብዳቤው የተጻፈበትን ቀን ፖስታውን እንደከፈቱ ይመዝግቡ።